ሁለት ስንኝ የማን ነው? አጫጭር ጽሑፎችና የቅጅ መብት

አንድ ገጣሚ ማታ በፌስቡክ ገጹ የለቀቃትን ሁለት ስንኝ በሳምንቱ በቲሸርት ላይ ታትማ፣ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተለጥፋ፣ በቴሌግራም ቻናሎችም ያለ ስም ስትዘዋወር ሊያገኛት ይችላል። ቅሬታ ሲያቀርብ ደግሞ «ለሁለት መስመር ምን መብት አለ?» ይባላል። መልሱ በብዙዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሯል፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የገጽም ሆነ የቃላት ብዛት አይጠይቅም። ሥራው ወጥ መሆኑና በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ማግኘቱ ይበቃል። የጥራት ደረጃው መለኪያ አይደለም፤ ምዝገባም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የአመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ሐሳብ ግን ጥበቃ የለውም፤ የሌላውን ሐሳብ ወስዶ በራስ ቃል መግጠም አይከለከልም።

ስለዚህ ክርክሩ የሚያርፈው ወጥነት ላይ ነው። ቃላቱ ባነሱ ቁጥር ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ አንድ ዓይነት ነገር የመጻፋቸው ዕድል ይሰፋል፤ የዘወትር ሰላምታና ምርቃት የማንም ንብረት ሊሆን የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሌሎች አገሮች መንገድ ይለያያል። የአሜሪካ የቅጅ መብት ደንብ ስሞችን፣ ርዕሶችንና መፈክሮችን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ አሥራ አንድ ተከታታይ ቃላት እንኳ የጸሐፊውን የራሱን የአእምሮ ፈጠራ ከገለጹ ሊጠበቁ እንደሚችሉ አመልክቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የታየ የትራፊክ ደኅንነት መፈክር ክርክርም አለ፤ መፈክሩ ጥበቃ የሚገባው ሥራ ነው ቢባልም ተመሳሳዩን የተጠቀመው ወገን ጥሷል አልተባለም። አጭር ሥራ መብት ቢያገኝም አጥሩ ጠባብ ነው ማለት ነው።

ለእኛ ቀረብ የሚለው የአውሮፓው መንገድ ይመስላል። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ሙሉ ቅኔ ነው፤ ሰምና ወርቁን በዚያች ጠባብ ቦታ ማስማማት የዓመታት ትምህርት ይጠይቃል። (ቅኔ «ይዘረፋል» የሚለው አነጋገር የሌላውን መውሰድ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ባለ ቅኔው የሚዘርፈው አዲስ ነው።) እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ ማጠር የፈጠራ ማነስ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ከባዱ ጥያቄ ያለው አዝማሪ ቤት ነው። ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማል። ቀድሞ ነገሩ በዚያው ሌሊት በአየር ላይ ይቀር ነበር፤ ግዙፍነት ስላላገኘም ሕጉ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ዛሬ ከጎን ያለ ሌላ ሰው በስልኩ ቀርጾ በቲክቶክ ይለቀዋል። ስንኙን የፈጠረው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው በከዋኝነቱ የራሱ ተዛማጅ መብት አለው። ተመልካችና ገቢ የሚያገኘው ግን ሁለቱንም ያልሆነው ቀራጩ ነው። ተከራካሪ ቢመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሦስተኛ ሰው እጅ የተገኘ ግዙፍነት ለአመንጪው ይቆጠርለታል ወይ የሚለው ይሆናል። ሊቆጠርለት ይገባል፤ አለዚያ ቀራጩ ባልፈጠረው ሥራ ይጠቀማል።

የጥቅስ ነገርም እንዲሁ አልተፈታም። አዋጁ ምንጭና የአመንጪው ስም ተጠቅሶ፣ ከዓላማው ሳያልፍ መጥቀስን ይፈቅዳል። ይሁንና ከሁለት ስንኝ አንዱን መጥቀስ ግጥሙን ማፍረስ ነው፤ ሁለቱንም መጥቀስ ሥራውን በሙሉ መውሰድ ነው። እዚህ ላይ ዓላማውን መመልከት ይሻላል። ግጥሙን ከነስሙ አንስቶ የተወያየበት ሰው የሚጎዳው የለም፤ በኩባያና በቲሸርት አትሞ የሸጠው ግን ፈቃድ መጠየቅ፣ ክፍያም መደራደር ነበረበት።

ገጣሚዎችን ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ማስረጃ ነው። ስም ተነቅሎለት በመቶ ገጾች የተለጠፈ ስንኝ መጀመሪያ የማን እንደነበረ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጥፍ ቀን ብቻ ነው። ገጹ ከተዘጋ ወይም ልጥፉ ከጠፋ እሱም አይገኝም። ስንኙን በመጽሐፍ ያሳተመ ወይም ቀኑ በሚታይበት ሌላ መንገድ ያስቀመጠ ጸሐፊ በክርክር ጊዜ የተሻለ ቦታ ላይ ይቆማል።