የአጋማሽ መሪነት ያልተፈጸመ ተግባር ነው

ብዙ ሰዎች በአንድ ዓላማ ተሰልፈው በሚያካሂዱት ማናቸውም ተግባር ውስጥ ከሽንፈት ይበልጥ አደገኛ ሆኖ የሚገኝ አንድ ወቅት አለ። እርሱም ግማሽ ድል የተገኘበት ወቅት ነው። ሽንፈት ያስቆጫል፣ ያነቃል፣ ጉድለትን ለመመርመርም ያስገድዳል። ግማሽ ድል ግን ያስተኛል። ይህ እውነት እንደ እግር ኳስ ሜዳ ጉልቶ የሚታይበት ሥፍራ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስትና አራት ግብ አስቆጥሮ ወደ መልበሻ ክፍል የገባ ቡድን፣ ከዕረፍት መልስ ያንኑ መሪነት በገዛ እጁ አሳልፎ ሲሰጥ ተመልክተናል። ነገሩ ተደጋግሞ የታየ እንደመሆኑ መጠን እንደ ተራ አጋጣሚ ሊታለፍ አይገባውም።

እንዲህ ያለው ነገር በደረሰ ቁጥር የሚሰጠው ማብራሪያ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ዳኛውን ይወቅሳል። ሌላው ግብ ጠባቂውን ወይም አንድ ተከላካይን ለይቶ ኃላፊነቱን ሁሉ ይጭንበታል። ከዚህ ያለፈው ደግሞ «ኳስ ድቡልቡል ናት» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም አባባሎች ተጨባጩን ሁኔታ ከመመርመር ለመሸሽ የሚያገለግሉ ናቸው። ኳስ ድቡልቡል መሆኗ በመጀመሪያው አጋማሽም ያው ነበር። ተጫዋቾቹም ያው አሥራ አንዱ ነበሩ። ታዲያ በ15 ደቂቃ ዕረፍት ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው? ተገቢው ጥያቄ ይህ ነው።

በአገራችን እጅግ ብዙ ደጋፊዎች ያሉትን የእንግሊዙን አርሰናልን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2011 አርሰናል በኒውካስል ሜዳ ባደረገው ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ 26 ደቂቃዎች ውስጥ አራት ግቦችን አስቆጥሮ፣ 4 ለ 0 እየመራ ለዕረፍት ወጣ። ከዕረፍት መልስ በ50ኛው ደቂቃ አቡ ዲያቢ ከአንድ የኒውካስል ተጫዋች ጋር በፈጠረው ግብግብ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ከ68ኛው እስከ 87ኛው ደቂቃ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ኒውካስል ሁለቱን በፍጹም ቅጣት ምት፣ ሁለቱን በጨዋታ አስቆጥሮ አራት ለአራት አደረገው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ታሪክ በአራት ግብ ይመራ የነበረ ቡድን ነጥብ ሲጋራ ያ የመጀመሪያው ነበር። አርሰናል በዚያ ዓመት ውድድሩን በአራተኛነት ፈጸመ።

እርግጥ ነው፣ በአሥር ሰው መጫወት ከባድ ነው። ሁለት ፍጹም ቅጣት ምትም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን አራት ግብ የሚመራ ቡድን፣ ለጠብ ቢጋበዝ እንኳ ለግብግብ የሚያበቃው ምክንያት አልነበረውም። የቀይ ካርዱ ጉዳይ የአንድ ሰው ቁጣ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ሥራው እንዳለቀ የቆጠረ ቡድን ዲሲፕሊኑም አብሮ እንደሚላላ የሚያመለክት ምልክት ነው።

ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2005፣ በኢስታንቡል የተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የዋንጫ ጨዋታ ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራል። ኤሲ ሚላን ሊቨርፑልን 3 ለ 0 እየመራ ለዕረፍት ወጣ። ከዕረፍት መልስ ሊቨርፑል በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም ግቦች መለሰ። በመጨረሻም በመለያ ምት 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው በዕረፍቱ ሰዓት የተፈጸመውን ነው። የሊቨርፑሉ አሠልጣኝ ራፋኤል ቤኒቴዝ አንዱን ተከላካይ አስወጥቶ አማካዩን ዲትማር ሐማንን አስገባ። ከኋላ ሦስት ተከላካዮችን ብቻ አስቀርቶም የመሐል ሜዳውን አጠናከረ። በሌላ አነጋገር፣ የተመራው ቡድን ራሱን ሂስ አደረገ፤ ስህተቱን ለየ፤ አሰላለፉንም ለወጠ። መሪው ቡድን ግን የሚያሸንፍ አሰላለፍ ይዞ የሚለውጥበት ምክንያት አልታየውም። ተጋጣሚው ሌላ ቡድን ሆኖ ሲመለስ እርሱ ያው እንደነበረ ተመለሰ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው ከዚህ ላይ ነው። የአጋማሽ ዕረፍት ከድካም ማረፊያ ብቻ አይደለም። የሂስና የግለ ሂስ ጊዜ ነው። የተሸነፈ ቡድን ይህን ሂስ ሳይወድ በግዱ ያካሂዳል፤ የውጤት ሰሌዳው ያስገድደዋልና። የመራ ቡድን ግን የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍቱን በሙገሳ ያሳልፈዋል። የገቡት ግቦች ይቆጠራሉ፤ ሊገቡ ይችሉ የነበሩት የተጋጣሚ ኳሶች ግን አይቆጠሩም። ግብ ያስቆጠረው አጥቂ ይወደሳል፤ ከኋላው የተከፈተው ቀዳዳ ግን አይነሣም። ሽንፈቱ በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳ ላይ ይታይ እንጂ የሚጀምረው በመልበሻ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚከተለው ሂደት ይታወቃል። በመጀመሪያ፣ ሥራው ከመሥራት ወደ መጠበቅ ይለወጣል። ተከላካዮች ወደ ግባቸው ያፈገፍጋሉ፤ አጥቂዎች ግን ወደ ፊት እንደቆሙ ይቀራሉ። በመካከል የሚፈጠረው ሰፊ ሜዳ የተጋጣሚው ይሆናል። ቀጥሎ፣ የጋራው ሥራ ይበተናል። ኳስ የተነጠቀው አጥቂ ተመልሶ አይከላከልም። አማካዩ «የእኔን ድርሻ ፈጽሜአለሁ» ብሎ ያስባል። ግለኝነት ሥር ይሰዳል። በመጨረሻም የመጀመሪያዋ ግብ ስትገባ ድንጋጤ ይከተላል። አንዱ ሌላውን በጣት ይጠቁማል። ሁለተኛዋ ግብ የምትገባው በዚያች የመካሰስ ደቂቃ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «አራት ግብ ያስቆጠረ ቡድን ጉልበቱን መቆጠብ፣ ያገኘውንም መጠበቅ አይገባውምን?» የሚል ነው። ይገባዋል። ዳሩ ግን መከላከል ከዕረፍት የተለየ ነገር ነው። ማን የትኛውን ሥፍራ እንደሚሸፍን፣ ኳስ ሲገኝ ለማን እንደሚቀበል፣ ማን ደክሞ መቀየር እንዳለበት የተወሰነለት ሥራ ነው። እንዲያውም ከማጥቃት ያላነሰ ኅብረት ይጠይቃል። ሳይታቀድ የሚደረግ ማፈግፈግ መከላከል ሊባል አይችልም።

የእኛስ የእግር ኳስ ታሪክ ከዚህ አንጻር ሲታይ ምን ያስተምረናል? ታላቁ ድላችን የተገኘው ሌላው ያልጠበቀውን መሪነት በመንጠቅ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በዚያ ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ 1 ለ 0 እየመራች ለዕረፍት ወጣች። ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግም ወዲያው 2 ለ 1 መሩን። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ግቦችን አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። በይድነቃቸው ተሰማ የሠለጠነው ያ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ግን በሌላው ወገን ቆመን የተገኘንባቸው ጊዜያት አሉ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ግብፅን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ገጠመ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ከዕረፍት በፊት ባስቆጠሯቸው ግቦች 2 ለ 0 መራ። ከዕረፍት በኋላም መሪነቱን ሳያስነጥቅ አሸነፈ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። በዚያ ድል አራቱም የምድቡ ቡድኖች በእኩል 3 ነጥብ ሲገኙ፣ ኢትዮጵያ በግብ ልዩነት ከላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማጣሪያው እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ ለዘጠኝ ወራት ያህል ተቋረጠ። ይህ ረጅም ጊዜ የመላው ማጣሪያ የአጋማሽ ዕረፍት ነበር ማለት ይቻላል። ጨዋታው ሲቀጥል ቡድናችን በተከታታይ በጊኒ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈ። ምድቡን ከላይ ሆኖ ወደ ዕረፍት የገባው ቡድን በመጨረሻ ከታች ሆኖ ፈጸመ። የዘጠና ደቂቃውን መሪነት የጠበቀው ቡድን የዘጠኝ ወሩን ሊጠብቅ አልቻለም።

መሪነት የሚባክነው በተጫዋቾች እግር ብቻ እንዳልሆነም የ2005 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያሳየናል። በሰኔ ወር ቡድናችን ቦትስዋናን ከሜዳዋ ላይ 2 ለ 1 ረታ። ጥቂት ቀናት ቆይቶም ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ በተመሳሳይ ውጤት አሸነፈ። ሕዝቡም የምድቡ አሸናፊነት ተረጋገጠ ብሎ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ይሁን እንጂ በቦትስዋናው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት፣ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበር የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሦስቱን ነጥብ ሰረዘ። ተጫዋቾቹ በላባቸው ያገኙት መሪነት በአንድ የመዝገብ ቸልተኝነት ተቀነሰ። ቡድኑ በኋላ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን አሸንፎ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ቢያልፍም፣ ትምህርቱ ዛሬም ይሠራል። የካርድ መዝገብ የሚይዘው ሰው ከግብ ጠባቂው ያላነሰ የመከላከል ኃላፊነት አለበት።

ጉዳዩን ሰፋ አድርገን ብንመለከተው ደግሞ፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዷ ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላም የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። ይህ ሰፊ የአጋማሽ መሪነት ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 2013 ድረስ ለ31 ዓመታት በአፍሪካ ዋንጫ ሳንሳተፍ ቀረን። የትናንቱን ድል መተረክ የነገውን ቡድን ማዘጋጀት ሊተካ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለጋዝጊብላና ለመላው የዋግ ደጋ ገበሬ ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በዚያ አካባቢ ዝናብ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ዓመት ብዙ ነው። በነሐሴ የለመለመ ማሳ አይቶ ጎተራው ሞላ የሚል የዋግ ገበሬ የለም። እርከኑን ያጠናክራል፤ ውኃውን ያቁራል፤ አረሙን ይነቅላል። እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ከጎተራ እስኪገባ ድረስ ምርት ብሎ አይጠራውም። ለምለም ማሳ የተስፋ ምልክት እንጂ እንጀራ አለመሆኑን ከልጅነቱ ያውቃል። በአስከተማም ሆነ በሰቆጣ ሜዳ ኳስ የሚጫወተው ወጣት ከአውሮፓ ቡድኖች ይልቅ ይህን ትምህርት በቅርብ የሚያገኘው ከገዛ አባቱ ማሳ ነው።

ስለዚህ ከወረዳ ቡድን ጀምሮ እስከ ብሔራዊ ቡድን ድረስ የአጋማሽ ዕረፍት አጠቃቀም ሊለወጥ ይገባዋል። እየመሩ ወደ ዕረፍት የገቡ ተጫዋቾች ሊጠየቁ የሚገባቸው «ስንት አገባን?» የሚለውን አይደለም። «ተጋጣሚያችን አሁን ምን ይለውጣል? በየትኛው በኩል ተከፍተናል? ከመካከላችን የደከመው ማን ነው? የመጀመሪያዋ ግብ ብትገባብን ማን ያረጋጋናል?» የሚሉትን ነው። አሠልጣኙም ሂስን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ዝግጅት ሊያስተምር ይገባል። ሂስ በሽንፈት ጊዜ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ተጫዋቹ ሂስንና ውርደትን አንድ አድርጎ ይለምዳቸዋል፤ በድል ጊዜም ይሸሸዋል።

በዚህ መንገድ የጠፋ ነገር ተመልሶ እንደሚገኝም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ጀርመን በበርሊን ስዊድንን ከዕረፍት በፊት 3 ለ 0፣ በኋላም 4 ለ 0 መርታ አራቱንም ግቦች አስመለሰች። በዓመቱ በስዊድን ሜዳ በተደረገው የመልስ ጨዋታ ግን ተራው ተለወጠ። ስዊድን 2 ለ 0 መርታ ሳለ ጀርመን 5 ለ 3 አሸነፈች። በ2014 ደግሞ የዓለም ዋንጫን ወሰደች። አሠልጣኙ ዮአኪም ሎቭ ያው ነበሩ፤ ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ ያው ነበሩ። በአንድ ምሽት የባከነ መሪነት የአንድን ቡድን ዕጣ ለዘለዓለም አይወስንም።

መሪነት የሚያልቀው ፊሽካው ሲነፋ እንጂ ሰሌዳው ሲያምር አይደለም። በመጀመሪያው አጋማሽ የተቆጠሩት ግቦች ለሁለተኛው አጋማሽ ሥራ የተሰጡ አደራ ናቸው። አደራውን የሚያስጠብቀው ደግሞ ተጋጣሚው ጉድለታችንን ሳያሳየን በፊት እኛው ራሳችን ለማየት መድፈራችን ነው።