ትዳር ሲፈታ የመኖሪያ ወረቀት ምን ይሆናል?



አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንድ የሥራ ባልደረባችን፣ «እንቆቅልሽ ሲታወቅም ፍቺ፣ ትዳር ሲፈርስም ፍቺ ይባላል፤ ነገሩ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው መልካም ነው። ቃሉ «ፈታ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የታሰረ ገመድም፣ የተቋጠረ ነገርም፣ የተጋባ ሰውም ይፈታል። ምንጩ የግእዙ «ፈትሐ» ነው፤ ይህም መፍታትንም መፍረድንም ያመለክታል። ስለዚህ ፍቺና ፍትሕ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በትግርኛም የትዳርን መፍረስ እስከ ዛሬ «ፍትሕ» እንለዋለን። ይህን ያነሣነው ስለ ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ በቅርቡ እዚሁ ሐርጌሳ ያጋጠመን ጉዳይ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ስላመጣብን ነው።

አንድ ቀን ማታ አንዲት እኅት ወደ ቤታችን መጣች። ኢትዮጵያዊት ናት፤ የዚህን አገር ሰው አግብታ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለች። ባለቤታችን ሻይ ካቀረበችላት በኋላ እንዲህ ስትል ነገረችን፦ «ባሌ ከፈታኝ ዛሬ 12 ቀን ሆነ። የመኖሪያ ወረቀቴ በእርሱ ዋስትና የተሰጠ ነው። ፓስፖርቴም በእርሱ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ጊዜውም አልፏል። አንዷ ጎረቤቴ ‹ለማንም ሳትነግሪ ዝም ብለሽ ተቀመጪ› ትለኛለች፤ ሌላዋ ደግሞ ‹ዛሬውኑ ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ቶጎ ውጫሌ ሂጂ› ትለኛለች። ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔ ማን ነኝ?»

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ምክሮች አይጠቅሙም። መደበቅ ኋላ ሲገለጥ ሐሰተኛ ያሰኛል፤ በሌሊት መሸሽም መብትን ጥሎ መሄድ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ፍቺው ተፈጽሟልን?» የሚለው ነው።

በሐርጌሳ ጋብቻና ፍቺ የሚታዩት በእስልምና ሕግ ነው። ሶማሌዎች ፍቺን «ፉሪን» ይሉታል። ባል ሚስቱን ለመጀመሪያ ወይም ለሁለተኛ ጊዜ ቢፈታ፣ ዒዳ የሚባለው የመቈያ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ያለ አዲስ ኒካሕ ሊመልሳት ይችላል፤ እስከዚያም ድረስ መኖሪያዋና ቀለቧ በእርሱ ላይ ነው። ዒዳው በተለመደው ሁኔታ ሦስት ወር ያህል ሲሆን፣ ሴቲቱ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ይቈያል። ሦስተኛው ፍቺ፣ እንዲሁም ሚስት መህሯን መልሳ የምትወጣበት ኹልዕ የተባለው ፍቺ፣ እንዲህ ያለ መመለሻ የላቸውም። እኅታችን የተፈታችው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆነ ትዳሯ ገና ፈጽሞ አልተቋረጠም። እንግዲህ እነዚያ ሦስት ወሮች የለቅሶ ጊዜ ብቻ ሳይሆኑ የሥራም ጊዜ ናቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ዜግነትንና የመኖሪያ ፈቃድን ለይቶ ማወቅ ነው። በትዳር የተገኘ የመኖሪያ ፈቃድ የቆመው በትዳሩ ላይ ነው፤ ምሰሶው ሲወድቅ ጣራው አይቆምም። ዜግነት ግን የራስ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ በውጭ አገር ባዕድ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት የምታገኝ ከሆነ የራሷን እንድታጣ ያደርግ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ግን ከውጭ አገር ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻ ኢትዮጵያዊ ዜግነትን እንደማያስቀር ይናገራል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቊጥር 378 መሠረት፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሳትጠይቅ በሕግ ኀይል ብቻ የሌላ አገር ዜግነት ብታገኝ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን መምረጧን ማስታወቅ አለባት። ይህን ካላደረገች፣ ወይም በአዲሱ ዜግነት መብት መሥራት ከጀመረች፣ የኢትዮጵያ ዜግነቷን በፈቃዷ እንደ ተወች ትቈጠራለች። እንዲህ ያለችው ሴት ኋላ ዜግነቷን መልሳ ለማግኘት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሳ መኖር፣ ሌላውን ዜግነት መተውና ማመልከት ይኖርባታል።

ስለ ልጆቹም መታወቅ የሚገባው አለ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2002 የወጣው የሶማሌላንድ የዜግነት ሕግ ትውልድን የሚቈጥረው በአባት በኩል ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ግን ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ልጅ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ስለዚህ የልጆች የልደት ወረቀት በእናትም እጅ ሊገኝ ይገባል።

ችግሩ የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1986 ጀምሮ፣ ትዳሩ 2 ዓመት ሳይሞላው በጋብቻ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ቋሚውን ለማግኘት ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። ትዳሩ ከፈረሰ ግን ባለ ፈቃዱ ብቻውን አመልክቶ ጋብቻው በቅን ልቡና የተደረገ መሆኑን በቤት ኪራይ ውል፣ በባንክ ሒሳብ፣ በልጆች የልደት ወረቀት ማስረዳት ይችላል። ከዚህ የምንማረው፣ በክፉ ቀን የሚናገረው በደግ ቀን የተቀመጠ ወረቀት መሆኑን ነው።

በአገራችንም ቢሆን፣ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ምክንያት ዜግነት ለመጠየቅ ትዳሩ ቢያንስ 2 ዓመት የቆየ፣ እርሷም ከማመልከቷ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረች መሆን አለባት። ይህ ሳይሞላ ብትፈታ በዚህ በር መግባት አትችልም፤ በተራው የውጭ አገር ሰው መንገድ ቢያንስ 4 ዓመት መኖር ይጠበቅባታል። ዜግነቱን ካገኘች በኋላ ብትፈታ ግን ማንም አይነጥቃትም። ከሐርጌሳ ወደ ጅግጅጋና ወደ አዲስ አበባ የተዳሩ ሴቶች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ለእኅታችን የሰጠናት ምክር ይህ ነበር፦ በመጀመሪያ በሽማግሌ በኩል ፓስፖርትሽን አስመልሺ፤ የሰው ፓስፖርት የባል ንብረት አይደለም። ሁለተኛ፣ ቃዲው ዘንድ ቀርበሽ ፍቺው የተነገረበት ቀን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ የቃል ፍቺ ቀን የለውምና። ሦስተኛ፣ ወደ ኢትዮጵያ ቆንስላ ሄደሽ ፓስፖርትሽን ለማሳደስ አመልክቺ። አራተኛ፣ ዒዳው ሳያልቅ እውነቱን ለኢሚግሬሽን ተናግረሽ በራስሽ ሥራ ስም ፈቃድ ጠይቂ።

ፓስፖርቷን ያስመለሰላት የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ እርሱ ራሱ አብሯት ቃዲው ዘንድ ቀረበ። ዛሬ የፍቺው ጽሑፍ በእጇ አለ። በምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ስም ያቀረበችው ማመልከቻ መልስ ገና አልመጣም፤ እርሷም ልጆቿን ይዛ እየጠበቀች ነው። ቢፈቀድላት ደስ ይለናል፤ ባይፈቀድላትም በቶጎ ውጫሌ የምታልፈው በቀን፣ በራሷ ፓስፖርት ይሆናል።

በጠረጴዛ ፊት የምትቀመጡ ባልደረቦቻችን ሆይ፤ እንዲህ ያለች ሴት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ባልሽ የት ነው?» አይሁን። «ምን ወረቀት በእጅሽ አለ? ቀኑስ መቼ ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቋት። ፍቺ ሁልጊዜ በእኛ እጅ አይደለም፤ ፍትሕ ግን አንዳንድ ቀን በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያድራል።