አረንጓዴ ሻይ ውፍረት ይቀንሳልን?

ባገራችን ውፍረት የምቾት ምልክት ሆኖ የኖረበት ዘመን ረዥም ነው። ደልደል ያለ ሰው በታየ ጊዜ «ተመችቶታል» ይባልለታል፤ የከሳ ሰው ግን ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል ተብሎ ይታዘንለታል። ዳሩ ግን የሆድ ዙሪያ ስብ ከስኳር በሽታ፥ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋራ ዝምድና ያለው መሆኑን ሐኪሞች ደጋግመው ስለ ገለጹ፥ ዛሬ ወንበር ላይ ውሎ ወንበር ላይ የሚያመሸው የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ የሚያጠብቅበትን ዘዴ ይፈልጋል። ዘዴውም ሳይደክም እንዲገኝለት ይወዳል። ሳይደክሙ ይገኛሉ ከሚባሉትም ዘዴዎች አንዱ፥ በሚያምር ሣጥን ታሽጎ የሚሸጠው አረንጓዴ ሻይ ነው።

ስለዚሁ ነገር አንዲት እመቤት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ሐኪሙ የባለቤቴን ደም መርምሮ ስኳራቸው ወደ በሽታው ድንበር መቃረቡን ነገራቸው፤ ክብደታቸውን እንዲቀንሱና በእግራቸው እንዲሄዱም አዘዛቸው። እርሳቸው ግን አረንጓዴ ሻይ ስብን ያቀልጣል የሚል ወሬ ሰምተው፥ በቀን አራት ጊዜ ሻዩን እየጠጡ የቀረውን ትእዛዝ ሁሉ ትተውታል። ባሳስባቸውም ‹መድኃኒቴን እየጠጣሁ አይደለምን?› ይሉኛል። በውኑ ሻዩ ይበቃቸዋልን?»

አይበቃቸውም። ይኸንንም ያልነው በግምት አይደለምና ምክንያቱን ከነቍጥሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ፥ አረንጓዴ ሻይ ሲባል ሌላ ተክል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በኢሉባቦር በጉማሮ፥ በከፋም በውሽውሽ እየተለቀመ በየቤታችን የሚፈላው ጥቁር ሻይና ይህ አረንጓዴው የአንድ ተክል ቅጠሎች ናቸው። የሚለያዩት ከተለቀሙ በኋላ በሚደረግላቸው ሥራ ነው። ጥቁሩ ሻይ ቅጠሉ ጠውልጎ፥ ተጨፍልቆ፥ አየር እየነካው እንዲጠቁር ይተዋል። አረንጓዴው ግን ከተለቀመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሙቀት እንዲመታው ይደረጋል፤ ቻይናዎች በብረት ምጣድ ያምሱታል፥ ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል። በዚህም ምክንያት መልኩን ሳይለቅ ይቀራል፤ ካቴኪን የሚባሉትም ለአፍ መረር የሚሉ ነገሮች ሳይለወጡ በብዛት ይቆዩበታል። ከካቴኪኑም ጋራ በቡና የምናውቀው ካፌይን አለበት፥ መጠኑ ግን ከቡናው ያነሰ ነው። ስለ መክሳት የሚነገረው ወሬ ሁሉ የቆመው በነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ወሬውም የትናንት አይደለም። በቻይና በታንግ ነገሥታት ጊዜ፥ በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቼን ጻንጪ የተባለው የመድኃኒት ሊቅ፥ ሻይ ለብዙ ጊዜ የጠጣ ሰው እንደሚከሳ ጽፎ ነበር። በ1211 ደግሞ ኤይሳይ የተባለው የጃፓን መነኵሴ ሻይ ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም አንድ መጽሐፍ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) እንግዲህ እምነቱ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረው፥ በሚዛን መፈተን የጀመረው ግን በቅርቡ ነው።

ከፈተናዎቹ ሁሉ ዝናው የወጣው፥ በ1999 በስዊስ አገር በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ዶክቶር ዱሎና የሥራ ጓደኞቻቸው ያሳተሙት ነው። 10 ጤነኞች ወንዶችን፥ የሚተነፍሱት አየር በሚለካበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እያዋሉ እያሳደሩ መረመሯቸው። በአንዱ ቀን ከአረንጓዴ ሻይ ተጨምቆ የተሠራ እንክብል፥ በሌላው ቀን ካፌይን ብቻ፥ በሌላውም ቀን ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሰጧቸው። የሻዩን እንክብል በዋጡበት ቀን ሰውነታቸው ያቃጠለው ኀይል በ4 ከመቶ በለጠ፤ በካፌይኑ ብቻ ግን ይህ አልታየም። ውጤቱ እውነተኛ ነው። ነጋዴዎች «ሻይ ስብን ያቃጥላል» እያሉ ሲያስታውቁ ከመሠረቱ ፈጥረው አልተናገሩም፤ የተናገሩት ግን ግማሹን ብቻ ነው።

4 ከመቶ ማለት ስንት ነው? በነዚያ ሰዎች ላይ በቀን 80 ካሎሪ ገደማ ሆነ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ግን 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ በየቀኑ ያለ ማቋረጥ 80 ካሎሪ ተርፎ ቢቃጠል እንኳ፥ አንዲቱን ኪሎ ለመጣል ከ3 ወር በላይ ይፈጃል፤ ያውም ሰውዬው «ሻዬን ጠጥቻለሁ» ብሎ በገበታ ላይ እጁን ካላረዘመ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የነጠረ ቅቤ ውስጥ ከ100 ካሎሪ በላይ አለ። ዶሮ ወጥ የቀረበለት ሰው፥ ሻዩ ቀን ሙሉ የሠራውን ሥራ በጥቂት ጉርሻ ያፈርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ይኸንኑ ፈተና ደጋገሙት። የሕክምና ምርምሮችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ማኅበር በ2012 ባወጣው መግለጫ 18 ምርምሮችንና በነርሱ የተካፈሉትን 1,945 ሰዎች አንድ ላይ ተመለከተ። ከጃፓን ውጭ በተደረጉት ላይ፥ ሻዩን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የቀነሱት በመካከለኛው ግምት 0.04 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ይህም 40 ግራም ነው፤ ከአንዲት አነስተኛ የአበሻ ዶሮ እንቁላል አይበልጥም። በጃፓን ከተደረጉት የተገኘው ከ0.2 እስከ 3.5 ኪሎ ነው፤ ነገር ግን ምርምሮቹ በአሠራራቸው እጅግ ስለ ተለያዩ መርማሪዎቹ ባንድነት ሊደምሯቸው አልቻሉም። የከሱ ሰዎች መልሰው እንዳይወፍሩ በመጠበቅም ረገድ ሻዩ ያመጣው ረብ አልታየም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ጃፓኖች ለምን አይወፍሩም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የጃፓን ሰው በትንንሽ ሳሕን ዓሣና አትክልት ይመገባል፥ በከተማም ወደ ባቡሩ በእግሩ ይመላለሳል። ከሁሉም በላይ አረንጓዴ ሻዩን የሚጠጣው ያለ ስኳር ነው። ከዚህ ሁሉ ኑሮ መካከል ሻዩን ብቻ መዝዞ ምስጋናውን ለርሱ መስጠት፥ ከማኅበር ሁሉ አንዱን ብቻ ጠርቶ እንደ መሸለም ይቆጠራል።

በአሜሪካ ይህ ነገር እስከ መንግሥት ሕግ አስከባሪዎች ደርሶ ነበር። በ2006 ኮካ ኮላና ኔስሌ የተባሉት ታላላቅ ኩባንያዎች፥ ከአረንጓዴ ሻይና ከካፌይን የተሠራ ኤንቪጋ የሚባል መጠጥ አወጡ፤ በቀን 3 ቆርቆሮ የጠጣ ሰው ከ60 እስከ 100 ካሎሪ ያቃጥላል እያሉም አስታወቁ። የብዙ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ማስታወቂያውን መረመሩና፥ በ2009 ኩባንያዎቹ ለ27 ግዛቶች 650,000 ዶላር ለመክፈልና የማስታወቂያቸውን ቃል ለማስተካከል ተስማሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በሻይ ጉዳይ ሚዛኑን የሚያነሣውና የሚጥለው ቅጠሉ ሳይሆን ከቅጠሉ ጋራ የሚገባው ነው። ባገራችን ሻይ ያለ ስኳር ማቅረብ ንፍገት ይመስላል። በየመሥሪያ ቤቱ ሻይ የሚያዞረው ሰው ብርጭቆውን የሚያመጣው ስኳሩ ከሥሩ ተኝቶበት ነው፤ እንግዳም ሲመጣ ባለቤቲቱ ሳትጠይቅ ሦስት ማንኪያ ትጨምርለታለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ሲሆን 16 ካሎሪ ይሰጣል። በአንዱ ሻይ ሦስት ማንኪያ፥ በቀን አራት ሻይ ቢሆን 12 ማንኪያ፥ ማለት 48 ግራም ስኳር ነው፤ ካሎሪውም 190 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ቅጠሉ በጄኔቫው ቍጥር መሠረት 80 ያቃጠለ እንደ ሆነ፥ ማንኪያው 190 አስገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር፥ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ለጤናው የተሻለ መሆኑን አስታውቋል፤ እነዚህ አራት ብርጭቆዎች ብቻቸውን እጥፍ ያህሉን ይዘዋል። ስኳሩን ትተው ማር የሚያደርጉ ጥቂቶች አይደሉም፤ ማር ክቡር ነገር ቢሆንም አንዱ የሻይ ማንኪያ 20 ካሎሪ ያህል ስላለበት በዚህ ረገድ አያድንም።

በአንጻሩ ግን ሻዩ በእውነት የሚረዳበት መንገድ አለ። በየምሳው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ የለመደ ሰው፥ ባንዱ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይጠጣል። ያንን ትቶ ስኳር የሌለበት አረንጓዴ ሻይ የተካ እንደ ሆነ፥ በየቀኑ ከ100 ካሎሪ በላይ ይቀርለታል። ይህም ሻዩ ራሱ አቃጠለ ከተባለው ይበልጣል። ጥቅሙ ከሻዩ ኀይል ሳይሆን ሻዩ ቦታውን ከነጠቀው ነገር የመጣ ነው፤ ጥቁር ሻይ ወይም ንጹሕ ውሃ ቢተካበትም ያው ነው።

ስለ እንክብሎቹና «የማክሻ ሻይ» ስለሚባሉት ግን አጥብቀን ልናስጠነቅቅ ይገባናል። በ2003 በፈረንሳይና በእስፓኝ አንድ ከአረንጓዴ ሻይ የተጨመቀ የክሳት መድኃኒት ጉበት ስለ ጎዳ ከገበያ ተነሥቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንደ ገለጸው፥ ዋነኛው ካቴኪን በእንክብል በቀን 800 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ የተወሰደ እንደ ሆነ የጉበት መጐዳት ምልክት በደም ላይ ይታያል። በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ሻይ ግን ባጠቃላይ ጉዳት እንደሌለው ያው ባለሥልጣን አስታውቋል። በሌላ በኩል፥ ብዙዎቹ የማክሻ ሻዮች ሰናመኪ ይደባለቅባቸዋል። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው በማግሥቱ ሆዱ ገብቶ፥ ፊቱ ጠውልጎ፥ ቀሎ እንደሚታይ ሁላችን እናውቃለን፤ ከሰውነቱ የወጣው ግን ውሃ እንጂ ስብ ስላልሆነ፥ ውሃ ሲጠጣና ምግብ ሲበላ ክብደቱ ይመለሳል። የማክሻውም ሻይ ሥራ እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ለልብ የሚያስፈልገውን ፖታሲየም የተባለውን ጨው ያጓድላል፥ አንጀትንም ያሰንፋል። ሣጥኑን የሚገዛ ሰው የተደባለቀውን ነገር ዝርዝር ሳያነብ አይግዛ።

ለእናቶች የሚሆን ሌላም ነገር አለ። ሻይ፥ አረንጓዴም ሆነ ጥቁር፥ ከምግብ ጋራ ሲጠጣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። በጾም ወራት ሥጋ በማይበላበት ጊዜ ይህ ይብሳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር፥ የምታጠባ ሴት፥ ደም ማነስም ያለበት ሰው ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡት። ልጆችን ጧት ዳቦ በሻይ ማብላት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ሻዩ በወተት ቢለወጥ እንመርጣለን።

እንግዲህ ለጠያቂያችን እመቤት እንዲህ እንላለን። ባለቤትዎ ያሉበት ደረጃ ገና መመለስ የሚቻልበት ነው። በ2002 በአሜሪካ በታተመ ታላቅ ምርምር፥ ስኳራቸው እንደርሳቸው ወደ ድንበሩ የቀረበ ከ3,200 በላይ ሰዎች በሦስት ክፍል ተከፍለው ታዩ። ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲጥሉና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የታገዙት፥ በበሽታው የመያዛቸው ነገር መድኃኒት ከሌለበት እንክብል ከተሰጣቸው በ58 ከመቶ አነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 ከመቶ አነሰላቸው። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ከመቶ ማለት 6 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። ይኸንን ከ40 ግራሙ ጋራ አስተያይተው ያንብቡላቸው። 150 ደቂቃውም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት መሄድ ነውና፥ ከራት በኋላ አብረዋቸው ቢወጡ ከምክር ይልቅ ይሰማል። የስኳሩን ዕቃ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በጓዳ ያኑሩት፤ በመሥሪያ ቤታቸውም ሻይ ለሚያቀርበው ሰው ስኳር እንዳይጨምር ራሳቸው ይዘዙት።

ሻዩን ግን አይከልክሏቸው፤ ለመጠጣቱ ጥሩ መጠጥ ነው። ብዙዎች መራራነቱን ጠልተው ስኳር የሚጨምሩበት፥ አፈላሉ ስላልታወቀ ነው። አረንጓዴ ሻይ እንደ ጥቁሩ በእሳት ላይ አይንተከተክም። የአዲስ አበባ ውሃ በከፍታው ምክንያት በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከእሳት ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ 80 ሲወርድ፥ ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል አድርጎ ማፍሰስና ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ማጥለል ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል። የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እንደ ሆነ ስለ ሻዩ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ናዶሎል የተባለውን መድኃኒት አረንጓዴ ሻይ ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚቀንሰው ታውቋልና። ካፌይኑም እንቅልፍ ስለሚነሣ፥ የመጨረሻው ኩባያ ከቀኑ 9 ሰዓት ባያልፍ ይሻላል።