«አገር ስጠኝ» ካልን በኋላስ?

ለመሆኑ የወደፊቱን ዘመን የማለም ሥልጣን ለማን ተሰጠ? ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ በሁሩታ ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት፣ የቴአትር ክበብ አባላት ስለ ጠፈር ጉዞ የደረሱትን አጭር ተውኔት እንዳይ ተጋብዤ ነበር። ቋንቋው ያማረ፣ ትወናውም ትጋት ያልጎደለው ነበር። ነገር ግን የመንኮራኩሩ አዛዥ «ካፒቴን ጆን»፣ ሐኪሟም «ሜሪ» ነበሩ። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ከወጣቶቹ አንዱ «ጋሼ፣ አዛዡን ቶሎሳ ብንለው ተመልካቹ ይስቅብናል» አለኝ። መልሱ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የእኛ የደራስያኑ፣ የመምህራኑና የባህል ሠራተኞቹ ነው። ተውኔት ስንጽፍ ፍጻሜውን አስቀድመን ቆልፈን እናቀርባለን፤ ወጣቱንም አጨብጫቢ አድርገን እናሰናብተዋለን። ይህ ጸሐፊም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለም።

መድኃኒቱ ከአንድ ያልታሰበ ስፍራ ሊገኝ ይችላል። በ1977 እ.ኤ.አ. ማርክ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ «ትራቭለር» ማለትም «መንገደኛ» የተሰኘ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚና ጨዋታ በሦስት ስስ ጥቁር መጻሕፍት አሳተመ። ለጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስና ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዳይሶች ይበቃሉ። አንዱ ዳኛ ሆኖ 8 በ10 በሆነ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ካርታ ላይ ዓለማትን ይዘረጋል፤ የእያንዳንዱን ዓለም ስፋት፣ አየር፣ ውኃ፣ የሕዝብ ብዛት፣ አስተዳደርና የሕግ ጥብቅነት በዳይስ ያወጣል። ተጫዋቾቹም በአራት አራት ዓመት የአገልግሎት ዘመን ያለፉ ሰዎችን ይፈጥራሉ። መንኮራኩር በዱቤ የገዛ የ40 ዓመት ወርኃዊ ዕዳ ይከተለዋል። ከኮከብ ወደ ኮከብ አንዱ ዝላይ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ ወሬም ከመንኮራኩር አይፈጥንም። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማንን እንደሚረዱ፣ ማንን እንደሚከዱ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ደራሲ የቆለፈው ፍጻሜ የለም። ይህን ዓይነቱን አጨዋወት ሕፃናት እንደ ፈቀዱ ከሚያፈርሱትና ከሚሠሩት የአሸዋ ሜዳ ጋር ያመሳስሉታል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ ነውን? አይደለም። ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ ማን አለ? በእንቆቅልሽ የተረታው «አገር ስጠኝ» ሲባል አንድ አገር ቆርጦ አልሰጠምን? የእኛ ጨዋታ ግን እዚያው ላይ ይቆማል። አሸናፊው አገሩን ከተረከበ በኋላ ውኃውን ለማን ያካፍላል? ዳኝነቱን ለማን ይሰጣል? አዲሱ ጨዋታ የሚጀምረው የእኛ ካቆመበት ነው።

ተቃዋሚዎች ይነሡ ይሆናል። «ዳይስ ቁማር ነው» ይላሉ። ገንዘብ ያልተያዘበት ቁማር እንዴት ያለ ነው? ዳይሱ ለተጫዋቹ፣ ዝናብ ለአርሲ ገበሬ እንደ ሆነው ነው፤ አይታዘዝም፣ ግን ይታሰብበታል። ሁለት ዳይሶች 36 ዓይነት አወዳደቅ አላቸው፤ 7 በስድስቱ ሲገኝ 12 በአንዱ ብቻ ይገኛል። የሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ይፈልጋልን?

«የምዕራባውያን ቅዠት ነው» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። በዚያ ጨዋታ ከአንድ ሰው ስድስት መለኪያዎች አንዱ «ማኅበራዊ ደረጃ» ነው፤ ከፍተኛ ቁጥር የወጣለት ባለ ማዕረግ መስፍን ይሆናል። ኋላም ጨዋታው በከዋክብት መካከል ኢምፓየር ተክሏል። በ1967 ዓ.ም. ዘውዳዊውን ሥርዓት ከነመሳፍንቱ የሻረ አገር ልጆች ባሮን ወደ ሰማይ የሚጭኑበት ምን ምክንያት አለ? ስለዚህ ዘዴውን እንውሰድ፤ መሳፍንቱን እንተው። በማኅበራዊ ደረጃ ፈንታ ሰው በዕድርና በደቦ ያተረፈው አመኔታ ይቆጠር። ከዓለማቱ አንዱ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን በሚያረካክበው በገዳ ሥርዓት ይመራ። ጨዋታው የቃል ስለሆነ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይካሄዳል።

«ወጣቱ ቅዠት ትቶ እውነታውን ይመልከት» ለሚሉት መልሱ ቀላል ነው፤ እውነታው ቀድሟቸዋል። በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ተመርቀው በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር መጥቃለች። ተርባይኑ ከደጁ የሚሽከረከርለት ልጅ የገዛ ስሙን ለጠፈር አዛዥ መስጠት ካፈረ፣ የጎደለው ምኑ ነው? ብረቱ አለ፤ የጎደለው በዚያ ብረት ውስጥ ራሱን የማየት ልምምድ ነው። ልምምዱን የመስጠት ግዴታ ደግሞ የኪነ ጥበብ ነው።

እንግዲህ ካድሬው አዳራሹን ይክፈት፤ መምህሩ ካርታውን ያስምር፤ ደራሲው ብዕሩን ለአንድ ምሽት አስቀምጦ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ። እኔ በበኩሌ ወደ ሁሩታ ሁለት ዳይሶችና አንድ ባዶ ደብተር ይዤ ለመመለስ ቃል ገብቻለሁ። ተውኔት ግን አልይዝም። ያ ልጅ አገር ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግበት፣ ለአዛዡም ማን የሚል ስም እንደሚያወጣ ከራሱ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።