ስለ ቆሎ፣ ስለ ሩጫና ስለ ሄደው ተራራ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሥራ ጉዳይ የሚመላለሱ የመንግሥት ሠራተኞች ከተማችንን ደብረ ሲናን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቋት በመኪና መስኮት ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን 587 ሜትር ርዝመት ያለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈው፣ በጭጋግ ውስጥ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲጨርሱ መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ወዲያውም ቆሎ ሻጮች «ጋሼ፣ ቆሎ! ትኩስ ቆሎ!» እያሉ ይከቡታል። መንገደኛው ቆሎውን ይገዛል፣ አንድ ሁለት ቃል ይጫወታል፣ መንገዱንም ይቀጥላል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚያች አንድ ሁለት ቃል ነው።

ሰው ከሰው ሲገናኝ የመሰለውን መናገሩ የኖረ ልማድ ነው፤ ክፉም አይደለም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ሲቀርብ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሳይነሣ አይቀርም፤ ወይ ምግብ፣ ወይ ስፖርት፣ ወይም «ይህ እንኳ ምስጢር ነው» የሚባል ነገር። በሦስቱም ላይ እኔ ራሴ ከማንም ያላነስሁ ተናጋሪ መሆኔን አስቀድሜ ልናዘዝ።

ከምግቡ ልጀምር። የደብረ ሲና ቆሎ ጣዕሙ በገብሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከደጋው የሚመጣው ገብስ ውሃ ነክቶት በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው ተነፍቶ ከወጣ በኋላ በለዘብተኛ እሳት ይቆላል። እሳቱን ያጣደፈች ሴት ውጭው የጠቆረ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ቆሎ ታወጣለች፤ የታገሠች ግን ጥርስ ላይ ከሽ የሚል ቆሎ ታገኛለች። ጥቂት ሽምብራ ቢጨመርበት አልቃወምም። የሸዋ ሮቢት ተወላጅ የሆነው የሒሳብ መምህራችን ግን «ባዶ ገብስ የፈረስ ቀለብ ነው፤ ኦቾሎኒና ሱፍ የሌለበትን ቆሎ እንግዳ ፊት አላቀርብም» ይላል። እኔም በበኩሌ ኦቾሎኒ የአቆላልን ጉድለት መሸፈኛ ነው እለዋለሁ። ክርክሩ ከቆሎ አልፎ ወደ ወጥ ይዞራል። እርሱ በቀወት ቆላ የሚበቅለውን ማሾ ያወድሳል፤ በምርት ገበያ በኩል ተሽጦ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ እህል በገዛ አገሩ ሰው ሲናቅ ያስቆጨዋል። እኔ የሽሮ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ታዲያ በሳህን የማሾ ወጥ ከቤቱ ይዞ መጥቶ አቀመሰኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ማሾ የምናገረው በጣም ቀንሷል።

በስፖርቱም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫው ዋዜማ ማለት ነው፣ ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ስለ ባዶ እግሩ በማረፊያ ክፍላችን ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ ጫማ መግዣ አጥቶ ነው ይላል፤ ሌላው ስእለት ነበረበት ይላል። ነገሩ ግን የተሰጠው ጫማ ስላልተስማማውና በባዶ እግር መሮጥ ስለ ለመደ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከ40 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። እንግዲህ ባዶ እግር ነው ኃይሉ ያለውም፣ ጫማ ነው ያለውም ዝም አለ።

እኔም በቅርቡ እንደዚሁ አፍሬአለሁ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቀርቶ በተጠባባቂነት የተያዘው ታምራት ቶላ እንዲሮጥ በተደረገ ጊዜ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ባለበት «ተጠባባቂ ወርቅ አያመጣም፤ ይህን ከእኔ ስሙ» ብዬ ነበር። ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። የሰባቱንም ሰዎች ሻይ ከነብስኩቱ ከፈልሁ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ከሦስቱ የሚያሰጋኝ ሦስተኛው ነው። ስለ ወጥ የተናገረውን ሰው ምላሱ ይፈርድበታል፤ ስለ ሩጫ የተናገረውን ሰዓቱ ይፈርድበታል። ምስጢር በሚባለው ነገር ላይ ግን ዳኛው ይዘገያል፤ ተናጋሪውም በዚያ መካከል አውቶቡሱን ተሳፍሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ምስጢር እርግጥ ጉዳት የለውም። በይፋት ቆላ የሚታዩት የድንጋይ መስጊዶችና የከተማ ፍራሾች ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት በነበረው የኢፋት ሡልጣኔት ዘመን የነበሩ መሆናቸውን የታሪክ ሊቃውንት አጥንተው ቢያስረዱም፣ ከጓደኞቼ አንዱ «ይህን የሰው እጅ አልሠራውም» ቢል ማንም አይጎዳም፤ የሚበደሉት የሠሩት ሰዎች ብቻ ናቸው። የእኛ ተራራ ግን እንደዚያ አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከከተማችን ብዙ በማይርቁት በይዛባና በሾተል አምባ አካባቢ መሬቱ ከነቤቱ፣ ከነማሳው፣ ከነዛፉ ተንሸራቶ ሄደ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱንና እርሻውን አጥቶ ተፈናቀለ። እኔ ያን ጊዜ ከአገሬ ርቆ በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁና ለዘመን መለወጫ ወደ ቤተሰቦቼ መጥቼ ነበር። አያቴ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የምንጩ ውሃ ደፍርሷል፣ የቤቱም በር አልገጥም ብሏል፣ «ምድሪቱ ልትነሣ ነው» እያሉ ሲናገሩ ሰምቼ ሳቅሁ። የመሬት ትምህርት መጽሐፍ ጨርሼ የመጣሁ መስሎኝ ነበርና፣ ምድር አትነሣም፣ የምትዞረው በዛቢያዋ ላይ ነው ብዬ አረምኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያቴ እኔን ሳይሰሙ ከብቶቹን አሳልፈው ወደ ዘመድ ቤት ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሚለው ብዙ ነው። ከተራራው በታች ዘንዶ ተኝቶ ነበር፣ ተገላበጠ ያለ አለ፤ የኃጢአት ቅጣት ነው ያለም አለ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ቦታውን እየረገጡ መርምረው የደረሱበት ሌላ ነው። የእኛ ገደል የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ከጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሁሉ ቁልቁለት በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሆኖ በስንጥቅ የተከፋፈለ፣ በዘመን ብዛትም የላሸቀ ነው። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ሲጠራቀም አፈሩ ይከብዳል፣ ተያይዞ መቆሙም ይላላል። እንግዲህ የአያቴ የደፈረሰ ምንጭና ያልገጠመ በር ምስጢር አልነበሩም፤ ምስክሮች ነበሩ። ዘንዶውን ስንጥል ምስክሮቹንም አብረን ጣልናቸው።

ይህ በእኛ ዘመን ብቻ የደረሰ ነገር አይምሰላችሁ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከእኛ በታች ባለው የይፋት ቆላ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬ ብዙ ቤት ወደቀ፣ የደሴውም መንገድ ተሰነጣጠቀ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የምድር መንቀጥቀጥ መመርመሪያውን ይመሩ የነበሩት ኢየሱሳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ስለ አገራችን መንቀጥቀጥ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ይህን መዝግበውታል። ሽማግሌዎቻችንም ያስታውሱታል፤ የሚጠይቃቸው ከተገኘ።

አሁን ወደ መንገደኛው ልመለስ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ እኛም ዘንድ ሌሊት ሌሊት አልጋው ይነቃነቅ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ በመንግሥት መኪና የመጣ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ቆሎ ሲገዛ ለሻጯ «እትዬ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ትልቁ ይመጣል ነው የሚባለው፤ ተጠንቀቁ» ብሏት ሄደ። ሰውየው ክፉ ያሰበ አይመስለኝም፤ ምናልባት መኪና ውስጥ ሲወራ የሰማውን ነው የደገመው። ማታ ግን ወሬው «መንግሥት ተናገረ» ሆኖ በየቤቱ ደረሰ። በታኅሣሥ ብርድ፣ በደብረ ሲና ጭጋግ፣ የሰፈራችን ሰው ሦስት ሌሊት ደጅ አደረ። የጎረቤቴ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት ወደ ሐኪም ተወሰደ፤ ደግነቱ ዳነ። የመሬት መንቀጥቀጥ የት እንደ ተነሣና ምን ያህል እንደ ሆነ በመሣሪያ ይለካል፤ ቀኑን ቆርጦ አስቀድሞ የሚናገር ሊቅ ግን በዓለም ላይ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያ ሰው «ይባላል» ያለው ቃል ከመኪናው ታርጋ የተነሣ አዋጅ ሆነ።

እርሱን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴንም ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አጎቴ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አንተ ልጅ፣ ተምረሃልና ንገረኝ፤ ያ መሬት ዳግመኛ ይሄዳል ወይ?» አሉኝ። እኔ የፈተና ወረቀት ለማረም እየተጣደፍሁ ስለ ነበር «አይመስለኝም ጋሼ፤ የሚሄደው ሄዷል» ብያቸው አለፍሁ። ስለ ታምራት ቶላ እንደ ተናገርሁት ዓይነት ንግግር ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስሄድ አጎቴ ከተንሸራተተው ቦታ በላይ ባለው የድሮ ይዞታቸው ላይ ድንጋይ አስጭነው፣ ማገር አስመትተው፣ ግድግዳ አቁመው፣ ቆርቆሮም ገዝተው አገኘኋቸው። ከየት የመጣ አሳብ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ከአንተ ነዋ!» አሉኝ።

ተቀምጬ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ላሸቀው ድንጋይና ስለ ክረምቱ ውሃ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

«ያን ቀን አይሄድም አልህ፤ ዛሬ ይሄዳል ትላለህ። የተማርኸው የትኛውን ነው?» አሉኝ።

«ዛሬም ይሄዳል አላልሁም ጋሼ። አይሄድም ለማለት እንደማልችል ነው የምነግርዎ» አልኋቸው።

«ለዚህ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኸው?»

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩን። ጥያቄ ሲከብዳቸው በክፍሉ ሁሉ ፊት «አላውቅም፤ ለነገ አይቼ እመጣለሁ» ይሉ ነበር፤ ደግሞም በነጋታው አይተው ይመጡ ነበር። እኛ ተማሪዎች ከኋላ ሆነን እንስቅባቸው ነበር። ለአጎቴ ይህን ለማውራት አሰብሁና ተውሁት።

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች፣ በተለይም በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ የማቀርበው ልመና ከባድ አይደለም። በእኛ በኩል ስታልፉ ስለ ቆሎው የመሰላችሁን ተናገሩ፤ ኦቾሎኒ ይግባበት ካላችሁም የሒሳብ መምህራችን ይደሰታል። ስለ ኳሱም፣ ስለ ሩጫውም እንደ ልባችሁ ተከራከሩ። ገበሬው ስለ ተራራው፣ ስለ መንቀጥቀጡ ወይም ስለ ምንጩ ሲጠይቃችሁ ግን የሚጠይቀው እናንተን ሳይሆን መሥሪያ ቤታችሁን መሆኑን አስታውሱ። አላውቅም ማለት ደመወዝ አያስቀንስም። ከዚያም አልፎ እርሱ ያየውን ጠይቃችሁ በማስታወሻችሁ ብትጽፉና ለሚመለከተው ክፍል ብትሰጡ ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው። እኔም በክፍሌ አንድ ደብተር ከፍቻለሁ። ተማሪዎቼ በየሰፈራቸው ምንጭ የደፈረሰበትን፣ ግድግዳ የተሰነጠቀበትን፣ ዛፍ የዘመመበትን ቀን እየጻፉ ያመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ የዘንዶ ጅራት ማየቱን ጽፏል፤ አልሰረዝሁበትም፣ ከጎኑ ግን ቦታውንና ሰዓቱን እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ከአዲሱ ግድግዳ በላይ ወዳለው ምንጭ ወጣን። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ከሥሩ ጠጠሩ ይታያል። አጎቴ በመዳፋቸው ቀድተው ጠጡና ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ዝም አልሁ። ቆርቆሮው እስከ ዛሬ ከግድግዳው እንደ ተደገፈ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደብረ ሲና