ካርታው ነጻ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ግን ማን ያውጣ?

በአዲስ አበባ ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር ከመርካቶ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ፒያሳ፣ እንደገና ተመልሶ ሳሪስ ሲባዝን ይውላል። «ጉግል ማፕ በነጻ እያለ ምን ነካው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው! ጉግል ማፕ ከመነሻው ሌላ እስከ 9 ማረፊያ ይቀበላል እንጂ የቱ ይቅደም ብሎ አይደረድርም። በጻፋችሁለት ተራ ይወስዳችኋል። 9 ቦታ ደግሞ በ362,880 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊዞር ይችላል።

ስለዚህ ነጻ ስለሆነ ብቻ አይወሰድ፤ ይጠየቅ። ተራውን ራሱ ያወጣል? ስንት ማረፊያ ይቀበላል? ኔትወርክ ሲጠፋስ? ኦርጋኒክ ማፕስ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ መንገድ ያሳያል።

አለቆች ሆይ፣ በሰፈር ያልተለየ ዝርዝር አስታቅፎ «ቤንዚን ጨረስክ» ብሎ ደመወዝ መቁረጥ ግፍ ነው። ሂሳቡ ዝርዝሩን ከጻፈው ይወራረድ!