«ሲያድግ ይተወዋል» እያልን የልጆችን ጊዜ አናቃጥል

ዳሳሽ የተሰፋበት ልብስ ለብሰው የሚራመዱ ሕፃናትን ቪዲዮ በኢንቦክስ እየላካችሁ «ዶክተር፣ እኛ ጋር መቼ ይመጣል?» ትሉኛላችሁ። «የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ፤ ከሙያ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። እኔ አልስማማም።

ዱሼን የሚባል በዘር የሚመጣ የጡንቻ መሟሸሽ በሽታ አለ፤ በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ይይዛል። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን ስለሚጎድል ጡንቻው ቀስ በቀስ ያልቃል። ልጁ ዘግይቶ ይራመዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ደረጃ ይከብደዋል። ባቱ ግን ይወፍራል (ቤተሰብ «ጠንካራ ልጅ» ብሎ ይደሰትበታል)። ከመሬት ሲነሳ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እየተከለ ነው ቀና የሚለው። ይህን አነሳስ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጎወርስ በ1879 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ልጆቹ ሲነሱ ቁጭ ብሎ አይቶ።

ዛሬ ዳሳሽ ለምን አስፈለገ? ልጅ ክሊኒክ ሲገባ ወይ ፈርቶ አልራመድም ይላል፣ ወይ ሐኪም ሲያየው ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ዳሳሽ ግን ልጁ በቤቱና በሰፈሩ ሲውል የእርምጃውን ፍጥነት ይመዘግባል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ይህን ልኬት በ2019 ለዱሼን መድኃኒት ጥናቶች እንደ ተጨማሪ መለኪያ፣ በ2023 ደግሞ እንደ ዋና መለኪያ ተቀብሎታል። ልብሱም ሆነ ዳሳሹ አያድንም፤ ለውጥን ይለካል እንጂ። «ፈውስ ተገኘ» እያላችሁ ሼር የምታደርጉ፣ እባካችሁ ተዉት።

እኛ የምንወስደው ሐሳቡን ነው፦ ልጁን በሚኖርበት ቦታ፣ በተደጋጋሚ፣ በተመሳሳይ መንገድ ማየት። ዓለም ጤና ገበያ ሽንኩርት የሚሸጠውም ሰው ስልክ ቪዲዮ ይቀርጻል! የስልክ ቪዲዮ እንደ ዳሳሹ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ ሦስት ወር የተራራቁ ሁለት ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ብዙ ይናገራሉ። ልጁን ቁምጣ አልብሱት፣ ጫማውን አውልቁ። ወለል ላይ ተቀምጦ ሲነሳ፣ 10 ሜትር ሲሮጥ፣ ጥቂት ደረጃ ሲወጣ ሙሉ ሰውነቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅረጹ። በሦስት ወሩ እዚያው ቦታ ድገሙት። «ጎበዝ፣ ፍጠን» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ሲወድቅም ለቪዲዮው ብላችሁ አትተዉት።

አሁን ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ልምጣ። እናት ስልኳን ስታወጣ «እሱን ተይው፣ ካርዱን አምጪ» የሚል ባለሙያ አለ። ለምን? ያ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እሱ በሩብ ሰዓት የማያየውን ያሳየው ነበር። ልጁ ሳይመረመር የካልሲየም ሽሮፕ ይታዘዝለታል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምንኖር «ውሃው ነው» ማለትም ይቀናናል። ፍሎራይድ ጥርስን ያበልዛል፣ በዓመታት ብዛትም አጥንትን ይጎዳል፤ የወንጂ ሰው ያውቀዋል። የአራት ዓመት ልጅ ጭኑን ተደግፎ የሚነሳበትን ድክመት ግን በውሃ ማሳበብ አይቻልም። የጉበት ምርመራው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ብቻ የጉበት በሽተኛ የሚባልም ልጅ አለ፤ እነዚያ ኢንዛይሞች ከተጎዳ ጡንቻም ይወጣሉ። ሲኬ የሚባለውን የደም ምርመራ ማዘዝ ጥርጣሬውን ቶሎ ያጠራው ነበር።

«ብናውቅስ ምን እናደርግለታለን?» የሚለው ክርክር ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ። ፕሬድኒሶሎን አገራችን ውስጥ ያለ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል። (በራሳችሁ አትጀምሩት፣ የጀመረ ልጅም በድንገት አያቁም።) ፊዚዮቴራፒ አለ፣ የልብ ክትትል አለ። እናትየው ሌላ ልጅ ከማርገዟ በፊት የማወቅ መብትም አላት።

ልጃችሁ እስከ 18 ወሩ ካልተራመደ፣ ወይም እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ ወደኋላ እየቀረ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉት። ሐኪሙ ካላየላችሁ፣ «እባክህ አንድ ደቂቃ ብቻ» በሉት።